ካሜራው መጣ፤ ውሃውስ?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ሰኞ ማታ፣ መርካቶ ሸማ ተራ ነደደ። ጭሱ ከሩቅ ሰፈር ይታይ ነበር። ሱቁን ቆልፎ ቤቱ የገባው ነጋዴ በስልክ እየተጠራ ራቱን ትቶ ተመለሰ። ተመልሶስ ምን ሊያደርግ? ሸማ ተራ ያለው ዕቃ ሁሉ እሳት የሚወደው ዕቃ ነው፤ ጣቃ፣ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ነጠላ፣ ናይሎን። የስንት ዓመት ልፋት፣ የስንት ሰው ዕቁብ፣ በዱቤ የወጣ የሰው ገንዘብ ጭምር፣ ዓይን እያየ ዐመድ ሆነ።

የእሳት አደጋ መኪኖች መጡ። ሠራተኞቹ ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው መታገላቸውን መካድ ነውር ነው፤ አንክድም። ሆኖም የቦታው መጨናነቅና የመንገዱ መጥበብ ሥራውን እንዳከበደው ባለሥልጣናቱ በዚያው ሰሞን ራሳቸው ነግረውናል። ለቀባሪው አረዱት አሉ! መርካቶ ጠባብ መሆኗን ለመርካቶ ሰው መንገር ምን የሚሉት ዜና ነው? በጠራራ ፀሐይ አንዱ ኩሊ ጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ ሌላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚያሳልፍበት ቅያስ ነው እኮ። ከላይ ሸራ፣ ከጎን ጋሪ፣ መግቢያው ላይ ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ። በዚያ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ የተጠላለፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ። ውሃ የጫነ ቦቴ እዚያ ውስጥ በምን ተአምር ይግባ?

እኛን ያስገረመን ይኸ አይደለም። ያስገረመን ይህ ሁሉ የሆነው ከተማችን “ስማርት ሲቲ” ልትሆን ነው፣ እየሆነችም ነው፣ እየተባለ ነጋሪት በሚጎሰምበት ዘመን መሆኑ ነው።

“ስማርት ሲቲ” የምትለዋ ቃል ዛሬ ከባለሥልጣን አፍ አትጠፋም። ሪባን ሲቆረጥ ትነሳለች፤ የውጭ እንግዳ ሲመጣ ትነሳለች፤ ማታ በቴሌቪዥን ዜና ትነሳለች። መንግሥት በ2012 ዓ.ም “ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025” የተባለውን ስትራቴጂ ካጸደቀ ወዲህማ አገሩ ሁሉ ዲጂታል ሆኗል። በየካቲት 2016 ዓ.ም የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ደግሞ ቃሏ ምሰሶ አገኘች፤ በቁሙ “ስማርት ፖል” የሚባል፣ መብራትም ካሜራም የተሸከመ ምሰሶ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ እናስረዳ። ስማርት ሲቲ ማለት፣ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት፣ ከተማን እንደ ሰው ገላ ነርቭ እንዲኖራት ማድረግ ነው። እግርህ እሾህ ሲወጋው ጭንቅላትህ ወዲያው ያውቃል፤ ልክ እንደዚያ፣ የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ሲጫን፣ ጎርፍ ቱቦውን ሲሞላ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ጭስ ሲነሳ፣ ያን ስሜት የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ወደ አንድ ማዕከል ይልካል፤ ማዕከሉም ጥገናውን ወይም እሳት አደጋውን ይልካል። ካሜራ ከነዚህ ብዙ መሣሪያዎች አንዱ ብቻ ነው። “ዘላቂ መሠረተ ልማት” የሚሉት ደግሞ ከምረቃው ማግሥት የማይፈርስ፣ የልጅ ልጅ የሚገለገልበት መንገድ፣ ቱቦ፣ ቧንቧ ነው። ሁለቱ ሲጋቡ ጥሩ ከተማ ይሆናል፤ ጥናቱ የሚለው ይህንን ነው። ጥናቱ ላይ ምንም ጠብ የለንም።

እንዲያውም ሐቁን እንናገር። ኮሪደሩ ያመጣቸው አንዳንድ ነገሮች ጥሩ ናቸው። ሽቦን ከአናታችን አውርዶ መሬት ውስጥ በመስመር መቅበር ትልቅ ነገር ነው። ሰው የሚሄድበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ መሥራት፣ ሌሊት መብራት ማብራት፣ ማን ይጠላል? ተቃዋሚ ጋዜጣ ስለሆንን ብርሃንን ጨለማ አንልም። ነገር ግን ኮሪደር ማለት በስሙም በግብሩም የመንገድ ዳርና ዳር ነው። የመርካቶ ነፍስ ያለችው ደግሞ ከዳር አይደለም፤ ከጀርባ ነው። ከቅያስ ወደ ቅያስ፣ ከሸማ ተራ ወደ ቦምብ ተራ፣ ከቦምብ ተራ ወደ ሳጥን ተራ በሚወስደው ውስጥ ለውስጥ ነው። ፊት ታጥቦ ጀርባ ሲነድ ምን ይባላል?

አይ መርካቶ! ለነገሩ ቴክኖሎጂን ለመርካቶ ማስተማር ለዓባይ ልጅ ዋና እንደማስተማር ነው። ጉግል የሚባል ነገር ሳይፈጠር መርካቶ ደላላ ነበራት። ጣልያን ሠራሽ የልብስ ስፌት መኪና የጎደላትን አንዲት ጥርስ የትኛው ተራ፣ የትኛው በር፣ ስንተኛው መደርደሪያ ላይ እንደምትገኝ፣ ዋጋዋም ከትናንት ስንት እንደጨመረ በአምስት ደቂቃ የሚነግር ሰው አለ። ባንክ በየጥጋጥጉ ሳይከፈት ዕቁብ ነበር፤ ያለ ፊርማ፣ ያለ መያዣ፣ በቃል ብቻ ብዙ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ አይጠፋም። በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር ሲመጣም መርካቶ ሴሚናር አልጠበቀችም፤ ጠቃሚ መሆኑን ስታይ በሳምንቱ ጋሪ ገፊው ሳይቀር ተቀበለው። ስለዚህ መርካቶ ቴክኖሎጂ ጠላች የሚል ካለ ይታረም። መርካቶ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ነጋዴ ናትና፦ ይኸ ነገር የሚጠቅመው ማንን ነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። እስካሁን መንግሥት ወደ መርካቶ ይዞ የመጣው “ብልህ” መሣሪያ ሁሉ ወይ የሚያይ ወይ የሚቆጥር ነው። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ የካሽ ሬጂስተር ማሽን መጣ፤ ቆጠረ። ካሜራ መጣ፤ አየ። የዲጂታል መታወቂያ መጣ፤ መዘገበ። ግብር መክፈል ተገቢ ነው፤ ደረሰኝ መቁረጥም ሕግ ነው፤ ሌባ በካሜራ ቢያዝ ደስ ይለናል። ግን ወደ ነጋዴው የሚመጣ፣ ነጋዴውን የሚያገለግል፣ እሳቱን የሚያስጠነቅቅ፣ ውሃውን የሚያደርስ ብልህ መሣሪያ የታለ? ሒሳብ ሲሆን አሥር ዓይን ያላት ከተማ፣ ጭስ ሲሆን ለምን አፍንጫ አጣች?

የውጤቱንም ነገር አይተነዋል። ሸማ ተራ በነደደ በወሩ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም፣ መርካቶ ሱቆቿን ዘጋች። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሊወረስ ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ የከተማው ገቢዎች ቢሮ የሚወረስ ነገር የለም ብሎ አስተባበለ፤ ሰው ግን አላመነም። ልብ በሉ፤ ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት አይደለም ትልቁ ጉዳይ። ትልቁ ጉዳይ ሰው መንግሥት ከሚለው ይልቅ ወሬውን ማመኑ ነው። ስማርት ሲቲ የሚሠራው በመረጃ ነው። መረጃ የሚገኘው ደግሞ ከሰው ነው። ሰው መረጃ የሚሰጠው ሲያምን ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ስንት ጣቃ እንዳለ፣ ስንት ሰው እንደሚሠራ፣ ከአንድ ቆጣሪ ስንት ሱቅ እንደተቀጠለ፣ ቆጡ ላይ ማን እንደሚያድር የሚናገረው፣ የተናገረው ነገር ነገ መጥሪያ ሆኖ እንደማይመለስበት ሲያውቅ ነው። ካላወቀ ይዋሻል። በውሸት ላይ የተሠራ ኮምፒዩተር፣ ዋጋው የፈለገ ቢሆን፣ ውሸቱን አፍጥኖ ከመደመር በቀር ምን ያደርጋል?

የመርካቶ ሰው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም የሚፈራው። ሜትር ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ በመርካቶ ታሪክ ምን ይዞ እንደመጣ እናስታውስ።

የክፍለ ከተማው ስም አዲስ ከተማ ነው። ለምን አዲስ ተባለ? ጣልያን በ1928 ዓ.ም አዲስ አበባን እንደያዘ ከተማይቱን እንደገና ልቅረጻት አለ። በዚያው ዓመት በዓለም ስመ ጥር የነበረው አርክቴክት ለኮርቡዚዬ ነባሩን ከተማ እንዳልነበረ ቆጥሮ፣ ነጭ ወረቀት ላይ እንደሚሠራ ያህል ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ፣ የአዲስ አበባን ንድፍ ለሙሶሊኒ ላከ። የሚኖርበት ሰው፣ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው በወረቀቱ ላይ አልነበሩም። ያ ንድፍ ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ሥራው ለጉዪዲና ለቫሌ ተሰጠ። እነሱም የነጭ ከተማ ለብቻ፣ የሐበሻ ከተማ ለብቻ ብለው ከፈሉት። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋና “የአገሬው ገበያ” ተባለ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ከዚያ የቀረልን ነው። እንግዲህ መርካቶ የተወለደችው በመፈናቀል ነው። በሌላ አነጋገር፣ የዛሬዋ መርካቶ የዚያ ዘመን “ስማርት ሲቲ” ዕቅድ ተራፊ ናት።

ጣልያን ከወጣም በኋላ ዕቅዱ አላቋረጠም። እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ መጣ፤ ቦልተን ሄነሲ መጣ፤ ፈረንሳዊው ደ ማሪያን መጣ፤ በደርግ ጊዜ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ መጣ፤ ከዚያም ጣልያኖቹ ተመልሰው ከኛ ባለሙያዎች ጋር ሌላ ማስተር ፕላን ሠሩ፤ በኢሕአዴግም ጊዜ እንደዚሁ። ማስተር ፕላን አላጣንም። ያጣነው ፕላን ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ ተጠይቆ የሚያውቅ የሸማ ተራ ሰው ነው።

በዚህ ላይ የ1967ቱ አዋጅ አለ። አዋጅ ቁጥር 47/67 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ነገሩ ለጭሰኛውና ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ አንክድም። ግን ቤቱ ባለቤት አጣ። ቀበሌ አያድስ፣ ተከራይ ያለ ፈቃድ ሚስማር አይመታ። ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ መጣ፤ ኢሕአዴግ ስሙን ለውጦ ብልጽግና ሆነ፤ ቤቱ ግን ያው የቀበሌ ቤት ነው፤ ጭቃው ያው፣ ቆርቆሮው ያው፣ የውስጥ ሽቦው ያው። ሃምሳ ዓመት አለፈው። መርካቶ ውስጥ ነጋዴው ራሱ በአክሲዮን እየተደራጀ ያቆማቸው ፎቆች መኖራቸው የሚያሳየን፣ ቦታውና ዋስትናው ካለው ሰው ሠርቶ እንደሚያሳይ ነው። ዋስትና የሌለው ግን ነገ ይፈርስብኛል በሚለው ቤት ላይ ለምን አዲስ ሽቦ ይዘርጋ? ለምን እሳት ማጥፊያ ይግዛ? እሳት ዝም ብሎ ከሰማይ አይወርድም፤ በ“ነገ ይፈርሳል” ውስጥ ተረግዞ ነው የሚወለደው።

ታዲያ ብልህ ከተማ ከሆንን ብልህነታችን ከየት ይጀምር? እኛ መሐንዲስ አይደለንም። ነገር ግን መርካቶን በእግሩ የሚያውቅ ሰው የሚታየውን እንናገር።

ከውሃ ይጀምር። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከጉድጓድ ከምታገኘው ውሃ ሲሶ ያህሉ ቤት ሳይደርስ በመንገድ ይባክናል። ሕዝቡ ውሃ በፈረቃ ነው የሚያገኘው፤ በጄሪካን ያጠራቅማል፤ መሬት ግን በነፃ ይጠጣል። የፈሰሰችበትን ቦታ በድምፅ የሚያዳምጥ፣ ቧንቧ ላይ የሚለጠፍ መሣሪያ በዓለም ላይ አዲስ አይደለም፤ ብዙ ከተሞች ይጠቀሙበታል። ስማርት ማለት ይህ ነው! ካሜራ ያህል አያምርም፤ በቴሌቪዥን አይታይም፤ ሪባን አይቆረጥበትም። የሚሠራው ከአስፋልት በታች ነው። ከውሃው ጋር ደግሞ ሃይድራንት አለ፤ እሳት አደጋ መኪና ቱቦውን ሰክቶ ውሃ የሚቀዳበት፣ ቀይ ቀለም የተቀባ የብረት ጉቶ። ቦቴ ቢገባም ባይገባም፣ በየቅያሱ አፍ ላይ ውሃ ያለው አንድ ሃይድራንት ቢኖር ቱቦ ተጎትቶ ይገባል። ቦቴ ውሃው ሲያልቅበት ሌላ ቦታ ሄዶ ሞልቶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ እሳት አይጠብቅም። ሸማ ተራ ያየነው ይህንን ነው እንጂ የካሜራ እጥረት አይደለም።

ሁለተኛው ሽቦው ነው። ዛሬ የካርድ ቆጣሪ ሲሞላ በስልክ ነው፤ ጥሩ። ያ ቆጣሪ ግን ገንዘብ ሲያልቅ ማጥፋቱን እንጂ ከአቅሙ በላይ ጭነት ሲመጣበት ለማንም መንገሩን አልሰማንም። አንድ ቆጣሪ ላይ ስንት ሱቅ፣ ስንት የስፌት መኪና፣ ስንት ካውያ፣ ስንት የቡና ምድጃ እንዳለ ተራው ያውቃል፤ መብራት ኃይልም ቢጠይቅ ይነገረዋል። የሚጠይቀው ግን ለቅጣት ከሆነ ማን ይነግረዋል? ወደ እምነት ነገር መልሶ ወሰደን፤ አይቀርም።

ከእሳቱ ሌላ የክረምቱ ጣጣ አለ። ሐምሌ ላይ ከመርካቶ ቆርቆሮ የሚወርደው ውሃ ቱቦ አጥቶ በየሱቁ ይገባል፤ ጥር ላይ ደግሞ ያው ሱቅ ውሃ ያጣል። በአማራ ክልል፣ ጣና አካባቢ፣ ቡራ በምትባል ቦታ፣ ሰፊ የጋራ ጣሪያ ሠርቶ የዝናቡን ውሃ ማጠራቀምን የከተማ መነሻ ያደረገ የምርምር ሥራ ተሞክሯል። አነስተኛ ነው፤ የገጠር ከተማ ነው። ግን ሐሳቡ የኛ ነው፤ ለቆርቆሮ አገር የተቆረጠ ሐሳብ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ትምህርት ቤት ልደታ ነው ያለው፤ ከመርካቶ በእግር የሚደረስበት። እዚያ ያሉት መምህራንና ተማሪዎች ስለ ከተማችን ስንት ጥናት ጽፈዋል! ከሩቅ አገር አማካሪ ከማስመጣት በፊት ልደታ መውረድ ይቀላል፤ ታክሲውም ርካሽ ነው።

ለጥገና ደንታ የሌለው ትልቅ ፕሮጀክት መጨረሻው ምን እንደሆነ ለማየትም መርካቶ ቆሞ ቀና ማለት ይበቃል። በመስከረም 2008 ዓ.ም ቀላል ባቡሩ ሲመረቅ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ሰባተኛ ላይ ጣቢያ ተሠራልን። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ አብዛኛውም ከቻይና የተገኘ ብድር። የመጀመሪያው ሰሞን ሕዝቡ በደስታ ተጋፋ፤ እኛም ተጋፋን። ከዚያስ? ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ባቡሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ባቡር ሲገዛ መለዋወጫ፣ ባለሙያ፣ የጥገና በጀት አብሮ አልተገዛም። ካሜራውስ መለዋወጫ አለው ወይ? ማዕከሉ ሲበላሽ የሚጠግነው የኛ ልጅ ነው ወይስ በአውሮፕላን የሚመጣ? ብድሩንስ ማን ይከፍላል? እንደ ባቡሩ የልጆቻችን ዕዳ ሆኖ እንዳይቀር አሁን መጠየቅ መብታችን ነው።

የቆሻሻውም ነገር እንዲሁ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን ቀበረ። የሞቱት ከቆሻሻው ዕቃ እየለቀሙ የሚኖሩና በአካባቢው ጎጆ የቀለሱ ድሆች ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም እዚያው ረጲ ላይ ቆሻሻን አቃጥሎ መብራት የሚያመነጭ፣ በቀን 1,400 ቶን ይወስዳል የተባለለት ፋብሪካ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ተባለ። ሥራው ግን እንደ ምረቃው አልደመቀም። በዚህ መካከል ማንም ሪባን ያልቆረጠለት ሌላ “ፋብሪካ” መርካቶ ውስጥ ሲሠራ ኖሯል፤ ምናለሽ ተራ። “ቆራሌው!” እያለ ሰፈር ለሰፈር የሚዞረው ልጅ የሰበሰበው ጣሳ፣ ብረት፣ በርሜል፣ ጎማ እዚያ ይገባል። በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ፣ የመኪናው ጎማ በርባሶ ጫማ ሆኖ ይወጣል። ዓለም ዛሬ “ሰርኩላር ኢኮኖሚ” እያለ የሚሰብክለትን ነገር ምናለሽ ተራ ያለ ብድር፣ ያለ አማካሪ ስንት ዓመት ሠራበት! አንድ ቀን ግን የጥናት ሰነድ ውስጥ “የከተማዋን ገጽታ የሚያበላሽ” ተብሎ እንዳይገኝ እንሰጋለን። እንዲህ ዓይነት ሰነድ የጻፈ ሰው ጫማው ስንት ጊዜ እንደተጠገነ ቢጠየቅ ጥሩ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ የጉግል እህት ኩባንያ እ.ኤ.አ በ2017 በሐይቅ ዳር ያለ ቦታ ላይ ፍጹም ስማርት ሰፈር እሠራለሁ ብሎ ተነሳ። ነዋሪው ጠየቀ፦ የምትሰበስበው የኔ መረጃ የማን ነው? ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተሟገቱ። በግንቦት 2020 ኩባንያው ዕቅዱን ጥሎ ወጣ፤ ምክንያቴ ኮሮና ያመጣው የኢኮኖሚ ቀውስ ነው ቢልም የሕዝቡ ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም። ልብ በሉ፤ ጥያቄውን ያነሳው ሰው ጸረ ልማት አልተባለም፤ እስር ቤት አልገባም። ኮሎምቢያ ሜደሊን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደች። በዕፅና በጥይት ስሟ የጠፋ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ በ2004 በገደል ላይ ለሚኖሩት ድሆች በገመድ የሚንጠለጠል መጓጓዣ፣ በ2011 ደግሞ ኮሙና 13 በሚባለው ሰፈር ዳገቱ ላይ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሠራች። ሰውን ከገደሉ አላፈናቀለችም፤ ደረጃውን ወደ ሰው አመጣች። የኛዎቹ ደግሞ ወደ ዱባይ ያያሉ። ዱባይ በረሃ ላይ ነው የተሠራች፤ መርካቶ ግን በሰው ላይ ናት ያለችው።

ይህን ስንል “መርካቶ እንዳለች ትቀመጥ” ማለታችን አይደለም። እንዲህ የሚል ሰው አንድም መርካቶ ውሎ አያውቅም፣ አንድም የሸማ ተራን ሌሊት ረስቷል። ቅያሱ መስፋት አለበት። ሽቦው መቀበር አለበት። መጸዳጃ፣ ቱቦ፣ ውሃ መግባት አለበት። ይህ ሲሆን የሚነሳ ሱቅ ይኖራል፤ ይህንንም ነጋዴው ያውቀዋል። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው። ፒያሳ በመጋቢት 2016 ዓ.ም እንዴት እንደተነሳች አይተናል፤ ዛሬ ቤት የነበረው ነገ ፍርስራሽ ነበር። ከቤቱ ጋር ደንበኛው፣ ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ ዕቁቡ አብሮ ፈረሰ። ይህ በመርካቶ ቢደገም የሚጠፋው ድንጋይና ጭቃ አይደለም። ያለ ፊርማ ብድር የሚሰጥበት መተማመን ነው፤ እሱን ደግሞ በየትኛውም ሶፍትዌር መልሶ መጫን አይቻልም። ሸማ ተራ ያለ ነጋዴ ለክፍለ ሀገር ነጋዴ በዱቤ የሚልከው፣ ያ ሰው ሲመጣ እዚያው በር ላይ ስለሚያገኘው ነው። በሩ ከተነሳ ዱቤው ይነሳል፤ ዱቤው ከተነሳ ደሴም፣ ጎንደርም፣ ጂማም ያለው ሱቅ ይራቆታል።

ሕጉም ቢሆን ዝም አላለም። የመሬት ማስለቀቅና የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺውን ከመልቀቁ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ማማከር እንደሚገባ ይደነግጋል። እርግጥ “አስቸኳይ ሲሆን” የምትል ቀዳዳ አለችው። እናማ እኛ አገር አስቸኳይ ያልሆነ ነገር አይተን አናውቅም። ማማከር ማለትም በአዳራሽ ሰብስቦ ስላይድ አሳይቶ ማስጨብጨብ አይደለም። የሸማ ተራውን ነጋዴ፣ ኩሊውን፣ ጀበና ይዛ ቡና የምታፈላዋን እናት፣ ቆጡ ላይ የሚያድረውን የጥበቃ ሠራተኛ “እሳት ቢነሳ በየት በኩል ትወጣለህ? ትወጫለሽ?” ብሎ መጠየቅ ነው። ካርታው ያኔ እውነተኛ ካርታ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ሳይጠየቁ የተሳለ ካርታ የለኮርቡዚዬ ነጭ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ለከተማው አስተዳደር፣ ለእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን፣ ለውሃና ፍሳሽ፣ ለመብራት ኃይልም በግልጽ እንጠይቃለን። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም ቃጠሎ በኋላ በመርካቶ ውስጥ ለውስጥ ስንት ሃይድራንት ተተከለ? ከተተከሉትስ ዛሬ ቢከፈቱ ውሃ ያላቸው ስንቶቹ ናቸው? የትኞቹ ቅያሶች እሳት አደጋ መኪና እንዲያስገቡ ተከፈቱ? ስንት ሜትር የኤሌክትሪክ ሽቦ ተቀየረ? ሸማ ተራ ለተቃጠለባቸው ምን ተሰጠ፣ ለማን ተሰጠ? ለካሜራና ለስማርት ምሰሶስ ስንት ወጣ? በካሜራው የሚቀረጸውን ማን ያያል፣ ለስንት ጊዜ ይቀመጣል፣ በየትኛው ሕግ? 939 ደውሎ መስመር የያዘበት፣ ወይም ተነሥቶለት መኪናው የዘገየበት አንባቢም ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፍልን። መሥሪያ ቤቶቹ ደግሞ ዝርዝሩን በቁጥር ይላኩልን፤ በዚሁ ገጽ፣ በዚሁ የፊደል መጠን፣ ቃል ሳንቀንስ እናወጣዋለን።